እንሰቴን ማን ሸጠው?

«አባቢ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ» ትለኛለች ጠበቃዬ ቤዛ። ቤዛ የተማሪዬ ልጅ ናት፤ አባቷን ሂሳብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ሂሳብ ያልገባው ግን በኔ ጥፋት አይደለም። ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የውሉን ጽሑፍ ታስተካክላለች። እኔ እቆማለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ሚስቴ ማርታ መጣች አልመጣች እያልኩ ወደ በሩ እመላለሳለሁ፣ የወረፋ ቁጥሬ ያለባትን ብጣሽ ወረቀት አገላብጣለሁ። ሆሳዕና፣ ውል የሚጸድቅበት ቢሮ ውስጥ ነን። ቤቴን ልሸጥ ነው። ገዢው ደህና ሰው ነው፣ ነጋዴ ነው፣ ስልኩ አያርፍም፤ ቤቴን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት እንደሆነም አልደበቀኝም። ሰኞ ዶዘር ይገባል ብሏል። ሁሉ ነገር አልቆ የቀረው የሚስቴ የማርታ ፊርማ ብቻ ነው። ታዲያ ምን ያቁነጠንጥሃል አትሉኝም? ሽታው ነዋ! መስኮቱ ጋ አንዲት ባልቴት አውራ ጣታቸውን ሰማያዊው ቀለም ላይ ሲጫኑ ያ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ኮምፒዩተር መጣ፣ ካሜራ መጣ፣ ወረፋ በማይክራፎን መጥራት መጣ፤ የጣት ቀለም ሽታ ግን ያው ነው። እግሬ እዚህ ቆሞ ልቤ ወደ ደርግ ዘመን ሄደ።

ያኔ ሆሳዕና እንዲህ አልነበረችም። አስፋልት የለ፣ ባጃጅ የለ፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ኮንጎ ጫማህን ከእግርህ ላይ መጥጦ ይወስደውና አንተ በአንድ እግርህ ቆመህ ስትፈልግ የጋሪ ነጂዎች ይስቁብሃል። እኔ ከሞርሲቶ ተመድቤ የመጣሁ ወጣት መምህር ነበርኩ። ታቹ የሰፋ ቴትሮን ሱሪ ነበረኝ፤ ጭቃውን እየጠረገ ስለሚሄድ ማርታ «የማዘጋጃ ቤት መጥረጊያ» ትለው ነበር። እሷ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበረች፤ ነጭ ጋዋን፣ ትልቅ አፍሮ፣ ከጋዋኑ ሥር ደግሞ ከጋሽ ኑሪ ሱቅ የተገዛ አበባ ያለው ቀሚስ። ጋሽ ኑሪ ጨርቁን በክንዳቸው ለክተው ሲቆርጡ ሁልጊዜ አንድ ጣት ይጨምሩላታል፤ ለኔ ግን አንድም ቀን ጨምረውልኝ አያውቁም። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፣ ጤና አዳም የገባበት። ከማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ማርሽ ሲያሰማን ይውላል። እኛ ጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያናችን ስለተዘጋች በየቤቱ ተሰብስበን፣ መጋረጃ ጋርደን፣ ለራሳችን እንኳ በማይሰማን ድምፅ እንዘምር ነበር። ዛሬ ልጆቹ በትልልቅ ስፒከር ሲዘምሩ ጆሮዬን ያመኛል። ቀንሱት እላቸዋለሁ። ወዲያው ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት ቀንሰን የዘመርነው ትዝ ይለኝና፣ ተዉት በቃ፣ ዘምሩ እላለሁ።

የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነበር፤ ቤት ማለቴ አንዲት ክፍል። ከጎረቤት የሚለየን ግድግዳ ስስ ስለነበር ጎረቤታችን ሲያነጥሰው እኛ «ይማርህ» እንላለን፣ እሱም «ያኑራችሁ» ይላል። ጣሪያው ያፈሳል። አልጋችንን ከጥግ ወደ ጥግ ስንጎትት ክረምቱ ያልፋል። ማርታ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበርና አንድ ቀን ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ የሚለውን እያየች «እኔ እዚህ ቤት አልወልድም» አለች። ማርታ አልወልድም ካለች አትወልድም፤ ምጡ ራሱ ይፈራታል። እኔም ቤት ፍለጋ ተነሳሁ። ያን ጊዜ ቤት መግዛት እንደ ዛሬው ደላላ ጠርቶ ዋጋ መቁረጥ አልነበረም። መሬት የመንግሥት ነው፤ ሰው ያለው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ነው፤ እሱንም ለመሸጥ ማዘጋጃ ቤት ሳያይና ሳይፈቅድ አይሆንም። የሚሸጠው ደግሞ ግድግዳው፣ ቆርቆሮው፣ በሩና መስኮቱ ነው። የቆመበትን አፈር ማንም በአፉ አያነሳትም።

ጋሽ ኤርጃቦ የሚባሉ ሽማግሌ ከገበያው በላይ ደህና ቤት ነበራቸው። ሾኔ ያለው ወንድማቸው ሞተ። የወንድማቸውን ማሳ፣ ዘር ሳይዘራ ቶሎ ሄደው ካልተረከቡ፣ ገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ሊሰጠው ነው። ቤታቸውን ዘግተው ከሄዱ ደግሞ «ባዶ ነው» ተብሎ ቀበሌ ይገባበታል፤ ሊቀመንበሩ ቤቷን ለቢሮ እንደተመኛት ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔን ሲያገኙኝ ክንዴን ያዙና «መምህር፣ አንተም ቸኩለሃል፣ እኔም ቸኩያለሁ» አሉኝ። ሊቀመንበሩ ለስብሰባ አዋሳ ወርዶ ነበር። ሳይመለስ መጨረስ አለብን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፣ ግን ማን ይሰማል!

ነገሩን የያዘልን ጋሽ ሄራሞ ነው። ሰዉ «ነገረ ፈጁ» ይለው ነበር። የአንጋጫ ሰው ነው፤ በንጉሡ ጊዜ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል፤ ከምባትኛውንም ሀዲይኛውንም አማርኛውንም እኩል ይናገራል። እጅጌው ያጠረ ካኪ ኮት፣ ሰንሰለቱ የሚንጫጫ ብስክሌት፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ የማይነካ ቦታ። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ከተቀመጠ ጋሽ ሄራሞ ምንም አይልም፤ ፊቱ ቆሞ ዝም ብሎ ያየዋል፣ ሰውየው ራሱ ይነሳል። የሥራው ልማድ ከሌሎቹ ይለይ ነበር። ወረቀት ከመነካቱ በፊት ሻጭና ገዢን ይዞ ቤቱን ይዞራል። ሻጩ እያንዳንዱን ነገር በእጁ ይነካል። «ይሄ በር የማን ነው?» «የኔ ነው።» «ለማን ሰጠኸው?» «ለመምህሩ።» ምሰሶው፣ ማገሩ፣ ማጠፊያው፣ ሽንት ቤቱ ሳይቀር። እኔ «ኧረ ጋሼ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ እንጻፈውና እንገላገል» ብዬ ስነጫነጭ «ሰው የፈረመውን ይክዳል፤ የነካውን ግን ሲክድ እጁ ይንቀጠቀጣል» አለኝ።

ታዲያ ዞረን ዞረን የቤቱ ማዕዘን ጋ ስንደርስ ቆምን። ከማዕዘኑ ወዲያ ጓሮው ነው። እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል፤ ቅጠሉ ከቆርቆሮው በላይ ወጥቷል። በኛ አገር ደግሞ ጓሮ የሴት ነው፤ ባለቤቲቱ ሳትጠራው ባዕድ ወንድ ዘው አይልም። ሦስታችንም በዚሁ አገር ያደግን ሰዎች ነን፣ ነውሩን እናውቃለን። ጋሽ ኤርጃቦ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጋሽ ሄራሞ ባርኔጣውን አስተካከለ፣ ሦስታችንም እንደ ጨዋ ሰው ፊታችንን አዞርን። ከአዲስ አበባ የመጣ ጠበቃ ቢሆን ኖሮ ሳይጠይቅ ይገባና ነገሩ እዚያው ይፈታ ነበር። ጨዋነታችን ነው ጉድ የሠራን።

በበነጋው ማዘጋጃ ቤት ቀረብን። ቀበሌው «ሁለት ቤት አይያዝም» ብሎ ጠዋቱን የክፍላችንን ቁልፍ ተረክቦናል። አልጋችን፣ ሳጥናችን፣ ባልዲያችን ሳይቀር ጋሪ ላይ ተጭኖ ደጅ ቆሟል፤ ዝናብ ደግሞ ተራራው ላይ ጠቁሯል። ይሄ ውል ዛሬ ካልተፈረመ ማታ የምንገባበት የለንም፤ ነገ ሊቀመንበሩ ይመጣል። ቢሮው ውስጥ ጸሐፊው ልጅ አለ፣ ለምስክርነት የተላከ የቀበሌ ሰው ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ እኔና ማርታ፣ ጋሽ ኤርጃቦና ባለቤታቸው እትዬ አየለች። እትዬ አየለች ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ነበሩ። የቤቱ ድርድር ሁሉ ሲካሄድ አንድም ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም፤ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰውም አልነበረም። ጸሐፊው ውሉን በአማርኛ ያነባል፣ ጋሽ ሄራሞ ሥር ሥሩን በሀዲይኛ ይላል። ጋሽ ኤርጃቦ ፈረሙ። እትዬ አየለች አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ነከሩ፣ ወደ ወረቀቱ አወረዱ። ጸሐፊው የመጨረሻዋን መስመር አነበበ፤ «በግቢው ውስጥ ከሚገኘው ቋሚ ተክል ጋር» የምትለዋን። ጋሽ ሄራሞ ተረጎመ። ጣታቸው አየር ላይ ቆመ።

«ተክል ያልከው ምኑን ነው፣ አንተ ልጅ?» አሉት ጸሐፊውን፣ በራሳቸው አማርኛ።

«እንሰቱን ነዋ፣ እማማ።»

«እንሰቴን ማን ሸጠው?»

ጋሽ ኤርጃቦ ጣሪያውን አዩ። እኔ ጋሽ ሄራሞን አየሁ። ጋሽ ሄራሞ፣ ያ ሁሉን የሚያስነካ ሰው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«እማማ፣ መሬቱ የመንግሥት ነው» አለ ጸሐፊው። «መሬቱ ላይ ያለው ደግሞ ከቤቱ ጋር ይሄዳል።»

«መሬቱን መንግሥት ይውሰድ!» አሉ እትዬ አየለች። «እንሰቱን መንግሥት ነው የተከለው? ፍጉን የተሸከመው መንግሥት ነው? እኔ ነኝ!»

ወይ ጉድ! ያን ጊዜ ሰው ከዚህ ላነሰ ነገር ተጠርቶ ሄዶ ቀርቷል። ጥግ ላይ ያለው የቀበሌ ሰው ቀና ሲል አየሁት። የማርታን እጅ ያዝኩ። ጋሽ ሄራሞ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ የካኪ ኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገና «ጓድ፣ ይመዝገብልኝ» አለ። «ሻጭዋ መሬት የመንግሥት መሆኑን፣ መንግሥትም እንዲወስደው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው በገዛ አንደበታቸው አረጋግጠዋል። በዚህ ከተማ ይህን እንዲህ አጥርቶ የሚናገር ስንት ሰው አለ?» ጸሐፊው ግራ ተጋብቶ የቀበሌውን ሰው አየ። የቀበሌው ሰው ትንሽ አሰበና «ልክ ናቸው፣ ነቅተዋል» አለ። እስከ ዛሬ ብዙ ጠበቃ አይቻለሁ፣ ጥቅስ የሚያዘንቡ፣ ከረባት ያሰሩ። እንደዚያች ደቂቃ ሰው ያዳነ ጥብቅና ግን አላየሁም።

ነፍሳችን ተረፈች እንጂ ቤቱ አልተገኘም። እትዬ አየለች ቀለም የነካ ጣታቸውን ከነጠላቸው አርቀው እንደያዙ ፍንክች አላሉም። ባላቸው በሀዲይኛ ለመኗቸው፣ ተቆጧቸው፣ መልሰው ለመኗቸው። ጸሐፊው የግድግዳውን ሰዓት ያያል። «ያስፈርሙ ወይ ይነሱ፣ ልዘጋ ነው» ይላል። ይሄኔ ነው አሮጊቷ ያለቀሱት። «ሾኔ ሄጄ የማንን እንሰት ልበላ ነው?» አሉ። «ዛሬ ብተክል እስኪደርስ እኔ አለሁ? ልጆቼን ያሳደገ እሱ ነው። ባሌ በሬ ነበረው፣ ሄደ። ወንድም ነበረው፣ ሞተ። የኔ እንሰት ብቻ ነው የቆየው።» እኔ ወጣት ነበርኩ፣ መሄጃ የለኝም፣ ሚስቴ እርጉዝ ናት፣ አልጋዬ ደጅ ነው፤ እውነቱን ልናገር፣ አዘንኩላቸውም ተናደድኩባቸውም።

ማርታ እጄን ለቀቀች። ሆዷን ይዛ ተነሳችና ሄዳ እትዬ አየለች ፊት ቁጢጥ አለች። «እማማ፣ እንሰቱ ያንቺ ነው» አለቻቸው። «አንቺ እስክትነቅይው ድረስ እኔ እኮተኩትልሻለሁ። በሩ አይዘጋብሽም።»

«አንቺ የከተማ ልጅ፣ ነጭ ልብስ ለባሽ፣ ምን ታውቂያለሽ?»

«የአንጋጫ ልጅ ነኝ» አለች ማርታ፣ መዳፏን ዘርግታ። አሮጊቷ መዳፏን ያዙ፣ እንሰት ስትፍቅ ያገኘችውን የድሮ ጠባሳ በንጹሑ አውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ወደ ጋሽ ሄራሞ ዞረው «ጻፈው» አሉ። ጋሽ ሄራሞ ያችን መስመር ሰርዞ በኅዳጉ ላይ በእጁ ጻፈ፤ እንሰቱ የወይዘሮ አየለች ነው፣ እስኪያልቅ እየመጡ ይነቅላሉ፣ ገዢዎች በር አይዘጉባቸውም። ሁላችንም አጠገቡ ፈረምን፣ እሳቸውም ጣታቸውን አሳረፉ። ጸሐፊው «እንዲህ ያለ ውል አይቼ አላውቅም» እያለ ማኅተሙን ረገጠው። ወጥተን ጋሪውን ስንገፋ ዝናቡ ወረደብን፣ ፍራሹ ራሰ፣ ማርታ ግን መንገዱን ሙሉ እየሳቀች ነበር።

ከዚያ በኋላ እትዬ አየለች በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ከሾኔ ይመጣሉ። ሳያንኳኩ ይገባሉ። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ይነቅላሉ፣ ይፍቃሉ፣ ቆጮውን ጉድጓድ ያስገባሉ፤ ያ የኮመጠጠ ሽታ ከሸሚዜ ላይ ሳይለቅ ክፍል እገባና ተማሪዎቼ እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔ ገና ማዕዘኑ ጋ ስደርስ «ሂድ፣ ሂድ፣ እዚህ የወንድ ሥራ የለም» እባላለሁ። የመጀመሪያ ልጃችንን ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፤ ድሬሰሯ ሚስቴ ስትጮህ «ዝም በይ፣ አንቺ እኮ ሐኪም ነሽ» እያሉ። ጋሽ ሄራሞም ለጥብቅናው ሌላ አልጠየቀም፤ ቡላ ሲወጣ ጥሩኝ አለ፣ ስንጠራው በዚያች በምትንጫጫ ብስክሌት እየመጣ ከሁላችን በላይ ይበላ ነበር። በመጨረሻ እንሰቱ አለቀ። እትዬ አየለች አርጅተዋል፣ ወገባቸው ጎብጧል። አንዷን ሳይነቅሉ ትተው ነጠላቸውን አራገፉ። ማርታ «እማማ፣ ይቺ ቀረች» ስትላቸው «ባዶ ጓሮ ለሰው አይሰጥም» አሏት። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ማርታ ከዚያች ከአንዷ ሥር ችግኝ አወጣች፣ ጓሮውን እንደገና ሞላችው፣ ልጆቻችንም ያንኑ በልተው አደጉ፣ ተበተኑ።

«አባቢ፣ ተጠርተናል!» አለች ቤዛ። ዞር ስል ማርታ መጥታለች። መቼ እንደገባች አላየሁም። ፀጉሯ ነጭ ነው፣ ጫማዋ ላይ ጭቃ አለ። ዱራሜ ከተማ ልጃችን ጋ እንግባ፣ ቤቱን እንሽጠው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጉልበቴም አልቻለ፣ ግቢውም ሰፋብን። ስነግራት ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም አልኩና እሺ ማለቷ ነው ብዬ ወሰድኩት። ዛሬ ግን ያ ሽታ ከመጣብኝ ጀምሮ የምጠብቀው አንድ ነገር ነበር። ጸሐፊዋ ውሉን ታነባለች፤ ግቢው ጋ ትደርሳለች፤ ማርታ እጇን ታነሳና ትጠይቃለች። ትጠይቅ! ትጩህ! እኔም ገዢውን ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ቤቴ እገባለሁ። ጸሐፊዋ አነበበች። «ከነግቢው፣ ከነተክሉ» አለች። ማርታን አየኋት። ማርታ መነጽሯን አደረገች፣ ፈረመች፣ ጣቷን ማሽኑ ላይ አሳረፈች፣ ፎቶ ተነሳች። «አለቀ?» አለች። አለቀ ተባለች። ቤዛ እንኳን ደስ አላችሁ አለችን።

ቤት ስንደርስ ደጁ ላይ አይሱዙ ቆሟል። ዕቃችን ተጭኗል፤ ዕቃው ላይ ደግሞ አረንጓዴ ነገር ተከምሯል። ምን እንደሆነ ለማየት ሮጥኩ ልበል፣ በኔ ጉልበት ከተባለ። በዚህ ቤት ስኖር ማንም ሳይጠራኝ ማዕዘኑን ያለፍኩት ያኔ ነው። ጓሮው ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ትልልቆቹ የሉም፣ ችግኞቹ የሉም፤ መሀል ላይ አንዲት እንሰት ብቻዋን ቆማለች።

«ምነው ሳትነግሪኝ?» አልኳት።

«አንተስ ቤቱን ስትሸጥ ጠይቀኸኝ ነበር?» አለች፣ አካፋውን ግድግዳው ላይ እያስደገፈች። «ለገዢው ትናንት ነገርኩት፣ ውሰጂው ብሎኛል፤ ጠዋት አንተ ስትወጣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ነቀልነው። እኔ እንሰቴን አልሸጥኩም።»

«እሺ፣ ይቺንስ?»

«እሷ ለሚገባው ናት።»

«ማርታ! ሰኞ ዶዘር እኮ ነው የሚገባው!»

«አውቃለሁ» አለች። «ባዶ ጓሮ ለሰው አይሰጥም።»

ስልኬን አወጣሁ፣ ቤዛ ጋ ደወልኩ። «ልጄ፣ አንዲት መስመር ኅዳጉ ላይ ማስጨመር ይቻላል?» አልኳት። «አባቢ፣ ተፈርሟል፣ ሲስተም ውስጥ ገብቷል እኮ» አለችኝ፣ በትሕትና። ስልኩን ዘጋሁ። ወደ እንሰቷ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፤ ወደ አይሱዙው ሄድኩ፣ ተመለስኩ፤ ጉድጓዶቹን እየዘለልኩ እንደገና ሄድኩ። ማርታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «ተቀመጥ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ» አለችኝ።

ዙሪያዬን አየሁ። ወንበሮቹ ተጭነዋል፤ ቤቱ የሰው ነው።

«የት?» አልኳት።